«የምጽፈው የለኝም» የሚሉ ልጆችን የራሳቸውን ታሪክ ማስጻፍ

ከ14 እስከ 18 ዓመት ያሉ ልጆችን «ከሕይወታችሁ አንድ ታሪክ ጻፉ» ብትሏቸው ግማሾቹ ጣሪያ ጣሪያውን ያያሉ። ጥቂቶቹ «መምህር፣ የምጽፈው የለኝም» ይላሉ። የቀሩት አንገታቸውን ደፍተው ወዲያው መጻፍ ይጀምራሉ፤ እኔን የሚያሳስቡኝ እነዚህ ናቸው። «በሕይወቴ የማልረሳው ቀን» ብለው ርእስ ይሰጡና ስማቸውን፣ የተወለዱበትን ዓመት፣ የእህትና የወንድማቸውን ቁጥር ይደረድራሉ፤ ሲጨርሱ «ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር» ብለው ይዘጋሉ። ስሙን ቀይራችሁ ለጎረቤቱ ልጅ ብትሰጡት ይሆነዋል።

ልጆቹ ታሪክ አላጡም። ያጡት «ትንሿን ነገር ጻፋት» የሚላቸው ሰው ነው። ትልቅ ነገር የደረሰበት ብቻ እንዲጽፍ የተፈቀደለት ይመስላቸዋል፤ ስለዚህ ሞት፣ አደጋ፣ ሽልማት ፍለጋ ይሄዳሉ። የመምህሩ ሥራ በአብዛኛው ጉዳዩን ማሳነስ ነው። ከዚህ በታች የምጽፈው ይህን እንዴት እንደማደርገው ነው።

ብዕር ከመነሳቱ በፊት

በመጀመሪያው ክፍለ ጊዜ አላስጽፍም፤ ደንብ ነው የምናገረው። ወረቀታቸውን በሦስት መንገድ ሊያስረክቡኝ ይችላሉ። ጥጉ ላይ «ክፍል» ብለው ከጻፉበት ጮክ ተብሎ ሊነበብ ይችላል። «መምህር» ካሉበት ከእኔ ሌላ ማንም አያየውም። አጥፈው በስቴፕለር ከመቱት ደግሞ አልከፍተውም፤ መቀበሌን መዝግቤ እንደታጠፈ እመልሳለሁ። ይህን ስናገር «ባዶ ወረቀት አጥፌ ብሰጥስ?» የሚል አይጠፋም። ይስጥ። ባዶ ወረቀት አጥፎ ማስረከብ ቶሎ ይሰለቻል።

ቃል ስገባ ግን አንድ ነገር አስቀድሜ እለያለሁ። ሰው እየጎዳቸው እንደሆነ ወይም ራሳቸውን ሊጎዱ እንዳሰቡ ካነበብኩ ዝም አልልም፤ ሊረዳ ለሚችል ሰው እናገራለሁ፤ ከመናገሬ በፊት ግን ለራሳቸው እነግራቸዋለሁ። ይህ መባል ያለበት ከጽሑፉ በፊት ነው። አምኖ የጻፈን ልጅ ኋላ ላይ «ይቺን እንኳ ልደብቅልህ አልችልም» ማለት ክህደት ነው፤ ሁለተኛም አይጽፍላችሁም።

የሥነ ልቦና ተመራማሪው ጄምስ ፔኔቤከር ከሳንድራ ቢል ጋር በ1986 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት የኮሌጅ ተማሪዎችን ለ4 ተከታታይ ቀናት፣ በቀን 15 ደቂቃ፣ ስለ ደረሰባቸው ከባድ ነገር አስጽፎ ነበር። የሆነውንም የተሰማቸውንም አንድ ላይ የጻፉት በቀጣዮቹ ወራት ወደ ዩኒቨርሲቲው ጤና ማዕከል መመላለሳቸው ቀንሶ ተገኘ። ብዙ ሰው የሚጠቅሰው ይህን ነው። እኔ ከዚያው ጥናት የያዝኩት ሌላውን ግኝት ነው፦ ልክ ጽፈው እንደጨረሱ ስሜታቸው ከፍቶ ነበር። ስለዚህ ደወል እስኪደወል ድረስ አላስጽፍም። የመጨረሻዋን አሥር ደቂቃ ለሌላ ነገር አስቀራለሁ፤ ቀልድም ይሁን የፊደል ጨዋታ፣ ከወረቀቱ የሚያላቅቅ ነገር ካለ ይበቃል። ከባድ ነገር የጻፈ ልጅ በዚያው ስሜት ወደ ሒሳብ ፈተና መግባት የለበትም።

ታሪኩን ማግኘት

«በሕይወትህ ትልቁ ቀን የቱ ነው?» ተብሎ አይጠየቅም። እንዲህ ሲባል ልጁ ሰው ሊሰማው የሚፈልገውን ይመርጣል። የእኔ ጥያቄዎች ጠባብ ናቸው። ሰውነትህ ላይ ጠባሳ አለ? እንዴት መጣ? ሰብረሽ የደበቅሽው ዕቃ አለ? ሰው አንድ ጊዜ ብቻ የተናገረሽ፣ እስካሁን ጆሮሽ ውስጥ ያለ ዓረፍተ ነገር የቱ ነው? ልትጥለው ስትል የተመለስክበት ዕቃ አለህ? ስትዋሽ ያመኑሽ፣ እውነት ስትናገሪ ያላመኑሽ መቼ ነው? የመጨረሻዋን ስጠይቅ ክፍሉ ውስጥ የሚስቁ ድምፆች ይሰማሉ። የሚስቅ ሁሉ ታሪክ አለው።

ከሁሉም የምወደው ግን ሥዕሉ ነው። ስምንት ዓመት ሲሆናቸው ይኖሩበት የነበረውን ቤት ከላይ እንደሚታይ አድርገው ይሥላሉ፤ በር፣ መስኮት፣ አልጋ። ሥዕል አልችልም ማለት አይፈቀድም፤ አራት ማዕዘን ማን ያቅተዋል? ከዚያ አንድ ነገር የሆነባቸው ቦታዎች ላይ ኤክስ ያደርጋሉ። «የምጽፈው የለኝም» ያለው ልጅ አምስት ኤክስ አድርጎ «መምህር፣ ስንቱን ልጻፍ?» ሲል መስማት የተለመደ ነው። ቦታ ትዝታን ይጎትታል። «ስለ አያትህ ጻፍ» ብትሉት ጥሩ ሴት መሆኗን ይነግራችኋል፤ «አያትህ የምትቀመጠው የት ነበር?» ብትሉት ግን ወንበሯ በር በኩል የሆነችው ለምን እንደሆነ ይነግራችኋል።

አሜሪካዊው የቋንቋ ተመራማሪ ዊልያም ላቦቭ በ1960ዎቹ ኒው ዮርክ ውስጥ ሰዎች በተፈጥሯቸው እንዴት እንደሚናገሩ ሲያጠና አንድ ነገር አስቸግሮት ነበር፤ የድምፅ መቅጃ የተደቀነበት ሰው ንግግሩን ያሳምራል። ያገኘው መላ «በቃ አለቀልኝ፣ ሞትኩ ያልክበት ጊዜ አለ?» ብሎ መጠየቅ ነው። ሰውየው ያንን መተረክ ሲጀምር መቅጃውን ይረሳዋል። እኔ ሞትን ለልጆች አላነሳም፤ «በቃ ተያዝኩ ያላችሁበት ጊዜስ?» እላለሁ፤ ሥራውን በደንብ ይሠራል። ላቦቭ ከጆሹዋ ዋሌትስኪ ጋር በ1967 እ.ኤ.አ. ባወጣው ጥናት ደግሞ ተራኪ ሁለት ሥራ እንዳለበት አሳይቷል፦ አንዱ የሆነውን በሆነበት ቅደም ተከተል ማስቀመጥ፣ ሌላው ነገሩ ለምን ሊነገር እንደበቃ ማሳየት። ሁለተኛው ሲጎድል አድማጭ «ታዲያ ምን ይጠበስ?» ማለቱ አይቀርም። የልጆች ረቂቅ ሁሉ የሚታመመው እዚህ ላይ ነው፤ ወይ ቅደም ተከተል ብቻ ይሆናል፣ ወይ ትምህርት ብቻ።

ከመጻፋቸው በፊት በቃል ያውሩት። ሁለት ሁለት ሆነው፣ ለእያንዳንዱ ሁለት ደቂቃ። አድማጩ ምክር መስጠት፣ «እኔም አንድ ጊዜ» ማለት አይፈቀድለትም፤ የተፈቀደችው «ከዚያስ?» የምትል ቃል ብቻ ናት። ሲጨርሱ አድማጩ ይበልጥ የጓጓው የት ቦታ ላይ እንደሆነ ይነግረዋል። ተራኪው መጻፍ የሚጀምረው ከዚያች ቦታ ነው።

የመጀመሪያው ረቂቅ

አሥር ደቂቃ፣ እጅ ሳይቆም። የጠፋው ቃል ቦታው በሰረዝ ታልፎ ይቀጥላል። በዚህ ጊዜ ፊደል አላርምም። «ሀ» ይሁን «ሐ»፣ «ሰ» ይሁን «ሠ» የሚለው የመጨረሻው ቀን ጉዳይ ነው። በመጀመሪያው ረቂቅ ላይ ቀይ ብዕር ያየ ልጅ ከዚያ በኋላ ትክክል መጻፍ የሚችላቸውን ቃላት ብቻ ይመርጣል፤ እነዚያ ደግሞ ብዙውን ጊዜ የሱ ቃላት አይደሉም።

አንዱን ረቂቅ ቀረብ ብለን እንየው። አንድ ተማሪዬ እንዲህ ብሎ ጀመረ፦

«በሕይወቴ በጣም ያዘንኩበት ቀን ታላቅ ወንድሜ ለትምህርት ወደ ሌላ ከተማ የሄደበት ቀን ነው። ከወንድሜ ጋር በጣም እንዋደድ ነበር። በዚያ ቀን ሁላችንም በጣም አዘንን። እናቴም አለቀሰች። ቤቱ ጭር አለ። መለየት ከባድ መሆኑን ያን ጊዜ ተረዳሁ።»

ሰዋስዉ ደህና ነው፣ ቅንነቱም አለ። ወንድሙ ግን ውስጡ የለም። ምን እንደሚመስል፣ እንዴት እንደሚናገር፣ ሲወጣ ምን ይዞ እንደነበር አናውቅም። ኅዳጉ ላይ ሦስት ጥያቄ ጻፍኩበት፦ ሊወጣ ሲል አንተ የት ነበርክ? እጁ ምን ይዞ ነበር? በመጨረሻ ያዘዘህ ነገር ምንድን ነው? በሚቀጥለው ቀን ይህን አመጣ፦

«ሻንጣው አልዘጋ አለው። ዚፑ ግማሽ ድረስ ሄዶ ይቆማል። ‹ና ተቀመጥበት› አለኝ። ተቀመጥኩበት። እሱ ተንበርክኮ ዚፑን ይስባል፣ እኔ ከላይ እጫናለሁ። ‹አንተ ልጅ፣ ክብደት የለህም እንዴ?› ሲለኝ ሁለታችንም ሳቅን። ከዚያ ዚፑ ጥግ ደረሰ። ‹በቃ ተነስ› አለኝ። አልተነሳሁም።»

«አዘንኩ» የምትለው ቃል ጠፍታለች፤ ማንም አንባቢ ግን አይሳሳትም። ለውጡን ያመጣችው ሦስተኛዋ ጥያቄ ናት። «ምን ተሰማህ?» ብዬ ብጠይቀው ኖሮ «በጣም አዘንኩ» ብሎ ይመልስልኝ ነበር፤ እሱን ደግሞ ቀድሞ ጽፎታል። ስለ ስሜት የሚጠይቅ ጥያቄ ስም ብቻ ይዞ ይመለሳል። ስለ እጅ፣ ስለ ቦታ፣ ስለ ዕቃ፣ ስለ ትእዛዝ የሚጠይቅ ጥያቄ ግን ነገር ይዞ ይመጣል። በአንድ ረቂቅ ላይ ከሦስት ጥያቄ በላይ አትጻፉ፤ ሲበዛ ምርመራ ይሆናል።

(ጥያቄዎቹ ሌላም ጥቅም አላቸው። በስልኩ መተግበሪያ አስጽፎ የመጣ ልጅ «ሻንጣው ከተዘጋ በኋላ ማን ተሸከመው?» ሲባል ይታወቃል። ማሳፈር አያስፈልግም፤ እዚያው ቁጭ ብሎ መልሱን እንዲጽፍ ማድረግ በቂ ነው።)

የዓረፍተ ነገር ነገር

ቋንቋችን ግሦችን ማንጠልጠል ያመቸዋል። ልጆቹም «ጠዋት ተነስቼ፣ ፊቴን ታጥቤ፣ ልብሴን ለብሼ፣ ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ክፍል ገብቼ፣ ስሜ ሲጠራ ሰማሁ» ይላሉ። ቸኩለው ለማለፍ ከሆነ ጥሩ ነው። ችግሩ ፊት መታጠቡና ስም መጠራቱ በአንድ ገመድ ላይ ተንጠልጥለው እኩል መክበዳቸው ነው። ስለዚህ አንድ ሥራ እሰጣቸዋለሁ፦ እንዲህ ያለውን ሰንሰለት ፈልጉና ከግሦቹ መካከል አንዷን ምረጡ፤ ታሪኩ ያለ እሷ የማይሆነውን። የተመረጠችው በአራት ነጥብ ተዘግታ ለብቻዋ ትቆማለች። ሌሎቹ ወይ ይሰረዛሉ ወይ በአንድ ሐረግ ይታለፋሉ። «ክፍል ገባሁ። ስሜ ተጠራ።» እንዲህ ሲሆን አንባቢው ይቆማል። ልጆቹ ይህን ሲረዱ ጊዜን ማርዘምና ማሳጠር በእጃቸው እንደሆነ ይገባቸዋል፤ ሦስት ወር በአንድ መስመር ይታለፋል፣ አንድ ደቂቃ ገጽ ሙሉ ይጻፍለታል።

ንግግር ሲጽፉ ደግሞ የአክብሮቱን ነገር አደራ እላቸዋለሁ። አባትየው በታሪኩ ውስጥ «አለ» ነው ወይስ «አሉ»? ልጁ ቤት ውስጥ እንደሚናገረው ይጻፍ፤ መሃል ላይ ግን አይዘበራረቅ። ሆን ተብሎ ከተለወጠ ግን ብዙ ይናገራል። አንዲት ልጅ ሁልጊዜ በቁልምጫ የምትጠራት እናቷ በሙሉ ስሟ ስትጠራት ጻፈች። ተቆጣች የሚል ቃል አላስፈለጋትም።

«በጣም»፣ «እጅግ»፣ «ድንገት»፣ «ያልጠበቅኩት»፦ መሰረዝ። ክርክር የለውም።

ያላስታወሱት ነገር

ጎበዝ ተማሪ ይህን ጥያቄ ማንሳቱ አይቀርም፦ «የተባባልነውን ቃል በቃል አላስታውስም፤ ልፍጠረው?» እንግሊዛዊው የሥነ ልቦና ሊቅ ፍሬደሪክ ባርትሌት በ1932 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ሥራ እንዳሳየው ሰው ሲያስታውስ ከመዝገብ አውጥቶ እንደማንበብ አይደለም፤ ነገሩን እንደገና ይሠራዋል፣ የጎደለውንም በሚመስለው ይሞላዋል። ስለዚህ ቃል በቃል ማስታወስን ከማንም አልጠብቅም። የኔ መስመር ይህ ነው፦ የንግግሩን ቃል በሚመስል ቃል መጻፍ ይቻላል፤ ያልተባለ ነገር ተባለ ማለት፣ ያልነበረን ሰው ማስገባት ግን አይቻልም። እርግጠኛ ካልሆኑ «ይመስለኛል» ይበሉ። ደግሞም ቤት ሄደው ይጠይቁ። እህት «እኔ እንኳ በዚያ ቀን አልነበርኩም» ካለች ያ ጥሩ ዕድል ነው፤ ሁለቱም ትዝታዎች ይጻፉ። ወንድምና እህት የማይስማሙበት ታሪክ ከሚስማሙበት ይጣፍጣል።

ታሪኩ ውስጥ ያሉ ሰዎች ስለ እነሱ እንዲጻፍ እንዳልተስማሙም ልጆቹ ይወቁት። ጽሑፉ ከክፍል የሚወጣ ከሆነ ስም ይለወጥ፤ የሚታወቅ ሰው ከሆነ ይጠየቅ። በዳይ ሆኖ ለቀረበ ሰው ደግሞ አንድ ዓረፍተ ነገር እሱ ቆሞበት ከነበረው ቦታ እንዲጻፍለት አዝዛለሁ። ይቅር እንዲሉት አይደለም። አንድ ዓይነት ብቻ የሆነ ክፉ ሰው አንባቢን ያሰለቻል፤ «ከተቆጣ በኋላ ጫማዬን ራሱ አሰረልኝ» የምትል መስመር ግን ነገሩን ታወሳስበዋለች፤ ሕይወትም እንደዚያው ናት።

መጨረሻውን መሸፈን

ሻንጣ ላይ የተቀመጠው ልጅ «አልተነሳሁም» ብሎ አላቆመም። «የቤተሰብ ፍቅር ከሁሉም እንደሚበልጥ ያን ቀን ተማርኩ» የሚሉ ሦስት መስመሮች ተከትለው ነበር። እኔ አልሰረዝኳቸውም። በእጅህ ሸፍናቸውና አንብበው አልኩት። ሸፈነ፣ አነበበ፣ እጁን አንስቶ እንደገና አነበበ፣ ከዚያ ራሱ ሰረዛቸው። ይህን ለሁሉም አደርጋለሁ፤ የሸፈኑት ነገር ከጎደላቸው ይመልሱት፣ ካልጎደላቸው ይሂድ። ውሳኔው የጸሐፊው ነው።

ልጆች ትምህርት ወደ መጨመር የሚሮጡት እኛ ስላስለመድናቸው ብቻ አይደለም። ቲልማን ሃበርማስና ሱዛን ብሉክ በ2000 እ.ኤ.አ. ባወጡት ጽሑፍ እንዳስረዱት፣ የተበታተኑ ገጠመኞችን «ያ ስለደረሰብኝ እንዲህ ሆንኩ» ብሎ አያይዞ አንድ የሕይወት ታሪክ የማድረግ ችሎታ የሚበስለው በጉርምስና ዕድሜ ነው። አዲስ ያገኙትን ነገር ይሞክሩታል ማለት ነው። ስለዚህ ማሰላሰልን አልከለክልም፤ ቦታውን ነው የማስለውጠው። መጨረሻ ላይ መደምደሚያ ሆኖ ከሚለጠፍ መሃል ላይ ጥርጣሬ ሆኖ ይግባ፦ «ያኔ የተናደደብኝ መስሎኝ ነበር። አሁን ሳስበው የፈራ ይመስለኛል።» ያኔ ያየው ዓይንና አሁን የሚያየው ዓይን የሚለያዩባት አንዲት ቦታ ትፈለግ። ካልተገኘች አይፈጠርም፤ ታሪኩ ገና አልበሰለም፣ ሌላ ኤክስ ይመረጥ።

እንደገና መጻፍ

«አንዴ ጽፌዋለሁ፣ ምን ልጨምር?» ለሚሉኝ በማስታወሻዋ የምትታወቀውን የአይሁዳዊቷን ልጅ የአና ፍራንክን ነገር እነግራቸዋለሁ። ከሌሎች 7 ሰዎች ጋር አምስተርዳም ውስጥ ከናዚዎች ተደብቃ ሳለች መጋቢት 28 ቀን 1944 እ.ኤ.አ. ለንደን ያለው የኔዘርላንድ የስደት መንግሥት ሚኒስትር ሕዝቡ ማስታወሻዎቹንና ደብዳቤዎቹን እንዲያስቀምጥ በሬዲዮ ሲጠይቅ ሰማች። በግንቦት ወር፣ ገና በ14 ዓመቷ፣ የራሷን ማስታወሻ በተናጠል ወረቀቶች ላይ እንደገና መጻፍ ጀመረች። የቆረጠችው አለ፣ ያዋሃደችው አለ፤ ለሰዎቹም የብዕር ስም አዘጋጀችላቸው። ዓለም የሚያውቀው ሥራ ውስጥ ያ ሁለተኛ እጅ አለበት። ልጆቹ ይህን ሲሰሙ እርማት ቅጣት መምሰሉ ይቀርላቸዋል፤ እኩያቸው ናትና።

ነጥብ አሰጣጥ

ሕይወት ነጥብ አይሰጠውም። በጣም የሚያሳዝነው ታሪክ ከፍተኛ ነጥብ ካገኘ በሚቀጥለው ጊዜ ሁሉም አያቱን ይገድላል። እኔ ነጥብ የምሰጠው በሁለቱ ረቂቆች መካከል ላለው ርቀት ነው፦ ምን ተሰረዘ፣ ምን ተጨመረ፣ የቷ ደቂቃ ረዘመች። ስለዚህ ሁለቱንም አብረው ያስረክባሉ። የታጠፉት ወረቀቶች ነጥብ የላቸውም፤ ሳያስቀጡ ያልፋሉ። አስተያየት ስጽፍ ከታሪኩ በፊት ስለ ልጁ አንድ ቃል አስቀድማለሁ፤ የሞተ ወንድም ያለበት ገጽ ላይ የመጀመሪያው ቃል «ነጠላ ሰረዝ ጎድሏል» መሆን የለበትም። «ይህን ስለነገርከኝ አመሰግናለሁ» ይቅደም፣ ነጠላ ሰረዙ ከዚያ በኋላ ይደርሳል።

በመጨረሻ ወላጆች ይመጣሉ። «ልጄ ስለ እኔ ምን ጻፈች?» የሚል አባት አንድ ቀን በሩ ላይ መቆሙ አይቀርም። ወረቀቱ የልጅቷ ነው፣ እሷን ይጠይቋት እላለሁ፤ «እምቢ ካለችስ?» ካለኝ፣ ታዲያ እርስዎ ስለ ራስዎ ልጅነት አንድ ታሪክ ይንገሯትና ከዚያ ይጠይቋት እለዋለሁ። ለዚህም እንዲሆን የጥያቄዎቼን ዝርዝር አንድ ቅጂ ሁልጊዜ ከጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጣለሁ።